ርካሽ ስልክ በፍላግሺፕ ፕሮሰሰር፦ ከመግዛታችሁ በፊት ደረጃ በደረጃ የምትፈትሹት እንዲህ ነው

"ፕሮሰሰሩ እኮ የውዱ ስልክ ነው፣ ዋጋው ግን ግማሽ። ልግዛው?" ይህች ጥያቄ በየሳምንቱ ትደርሰኛለች። ፕሮሰሰር (ቺፕም እንለዋለን) የስልኩ አንጎል ነው፤ ፍላግሺፕ ደግሞ የአንድ አምራች ትልቁና ውዱ ስልክ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂው የሚጽፍልኝ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ነው፤ ሻጩም አጠገቡ እየጠበቀ። በዚያ ጥድፊያ ሁሉንም ማስረዳት ስለማልችል፣ ሁልጊዜ የምመልሰውን በቅደም ተከተል አስቀምጬላችኋለሁ።

አንድ ነገር ይዛችሁ ግቡ። አምራቹ ገንዘቡን ፕሮሰሰሩ ላይ ካዋለ፣ ከሌላ ቦታ ቀንሷል። የእናንተ ሥራ ከየት እንደቀነሰ ማግኘት ነው። የተቀነሰው እናንተ የማትፈልጉት ነገር ከሆነ ስልኩ ጥሩ ግዢ ነው። በየቀኑ የምትነኩት ነገር ከሆነ ግን ፕሮሰሰሩ አይክሳችሁም።

ዋጋ በብር አልጠቅስም። ዛሬ የምጽፈው በወሩ ልክ አይሆንም።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የምትጠቀሙባቸው ሲም ካርዶች። የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ካላችሁ ሁለቱንም ያዙ።
- ኢንተርኔት ያለው ሌላ ስልክ፣ ሆትስፖት ለመክፈት
- ቻርጀርና ኬብል
- ኢርፎን
- ወረቀትና እስክሪብቶ
- ነጻ አፖች፦ ሲፒዩ-ዚ፣ ሲፒዩ ትሮትሊንግ ቴስት፣ ዲአርኤም ኢንፎ (ስልኩ ፊልም በሙሉ ጥራት ያሳይ እንደሆነ የሚናገር)፣ እንዲሁም የስቶሬጅ ፍጥነት የሚለካ እንደ ሲፒዲቲ ያለ አፕ
- አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ

ስልኩ ካርቶኑ ያልተከፈተ ከሆነ ሻጩ ለሙከራ ላይከፍትላችሁ ይችላል። ያኔ ለማሳያ የተቀመጠውን ተመሳሳይ ሞዴል ጠይቁ። እሱም ከሌለ ደረጃ 1 እና 3ን፣ ከደረጃ 2 እና 8 ደግሞ ስልኩን መያዝ የማይጠይቀውን አስቀድማችሁ ጨርሱ። የቀሩትን ደግሞ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት፣ ካርቶኑ ፊታችሁ ሲከፈት ትሠራላችሁ።

ማስጠንቀቂያ

- የመፈተሻ አፖችን ከፕሌይ ስቶር ብቻ አውርዱ። ሻጩ በቴሌግራም ወይም በፍላሽ የሚሰጣችሁን ፋይል አትጫኑ።
- ስልኩ ቻርጅ ላይ ሆኖ የሙቀት ሙከራ አታድርጉ። ውጤቱ ይዛባል፤ ባትሪውም ይጎዳል።
- ጀርባው ያበጠ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ የተነሣ ያገለገለ ስልክ ካያችሁ ሙከራውን አትጀምሩ፤ መልሱት። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።
- ያገለገለ ስልክ ላይ የባለቤቱ የጎግል ወይም የአይክላውድ አካውንት ሳይወጣ ገንዘብ አትክፈሉ። ስልኩ አንድ ቀን ሪሴት ቢደረግ የማትከፍቱት ዕቃ ይሆንባችኋል።

ደረጃ 1፦ ስልኩን ለምን እንደምትጠቀሙበት ጻፉ

አሁን በያዛችሁት ስልክ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ "ዲጂታል ዌልቢይንግ" የሚለውን ክፈቱ። የአንድ ሳምንት አጠቃቀማችሁን ያሳያችኋል። ብዙ ሰዓት የወሰዱትን አምስት አፖች ወረቀት ላይ ጻፉ።

ይህን የምታደርጉት ስለ ራሳችሁ የምታስቡትና በእውነት የምታደርጉት ስለሚለያይ ነው። "ጌም እጫወታለሁ" የሚል ሰው ዝርዝሩን ሲያየው ዘጠና በመቶው ቴሌግራምና ቲክቶክ ሆኖ ያገኘዋል።

ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌብር፣ የባንክ አፕ፣ ጥሪና ካርታ ፍላግሺፕ ፕሮሰሰር አይፈልጉም። ቪዲዮ ማጫወት ራሱ ቺፑ ውስጥ ለዚያ ብቻ በተሠራ ክፍል የሚከናወን ነው። መካከለኛ ቺፕም አሳምሮ ይሠራዋል። እነዚህ አፖች ከፕሮሰሰር ፍጥነት ይልቅ ራም (የተከፈቱ አፖች የሚያዙበት ጊዜያዊ ቦታ)፣ ፈጣን ስቶሬጅ (ፋይል የሚቀመጥበት ቦታ) እና ጥሩ ኔትወርክ ነው የሚጠይቋችሁ።

ልዩነቱ የሚታየው እንደ ፐብጂ፣ ኮል ኦፍ ዱቲ ወይም ጌንሺን ኢምፓክት ያሉ ከባድ ጌሞችን ስትጫወቱ ነው። በካፕከት ቪዲዮ አርትዖት ሠርታችሁ ኤክስፖርት ስታደርጉም ይታያል። የድሮ የጌም ማሽኖችን የሚያስመስሉ አፖችን የምትጠቀሙ ከሆነም እንዲሁ።

ከአምስቱ አፖች መካከል ከዚህ ሁለተኛ ቡድን አንድም ከሌለ ደረጃ 9ን ቀድማችሁ አንብቡ። ሌላ ዓይነት ስልክ ሊሻላችሁ ይችላል።

ደረጃ 2፦ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስምና ዓመት አጣሩ

"ስናፕድራገን 8 ነው" የሚል መልስ አትቀበሉ (ስናፕድራገን የኳልኮም ኩባንያ የቺፖች ስም ነው)። ሙሉ ስሙን ከነፊደሉና ከነቁጥሩ ጻፉ። አንዲት ፊደል ብዙ ትቀይራለች።

ለምሳሌ ስናፕድራገን 8 ጄን 3 እና ስናፕድራገን 8ኤስ ጄን 3 አንድ አይደሉም። "ኤስ" ያለው ዝቅ ያለ የግራፊክስ ክፍል አለው። በ2024 የወጣው ፖኮ ኤፍ6 (ፖኮ የሻኦሚ ብራንድ ነው) የያዘው ይህንን "ኤስ" ያለውን ነው። መጥፎ ቺፕ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጠንካራ ነው። ግን "የዓመቱ ትልቁ ቺፕ" ተብሎ ከተሸጠላችሁ ልክ አይደለም።

በተቃራኒው ስማቸው ዝቅ ብሎ ጉልበታቸው ትልቅ የሆኑም አሉ። ስናፕድራገን 7+ ጄን 2 ስሙ "7" ቢሆንም አሠራሩ ከ8+ ጄን 1 ጋር ይቀራረባል። ፖኮ ኤፍ5 ላይ ያለው እሱ ነው።

የድሮ ቺፕ አዲስ ስም ይዞ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። ስናፕድራገን 860 የ855+ ወንድም ነው። 870 ደግሞ ፍጥነቱ ከፍ የተደረገ 865 ነው። ስለዚህ ስልኩ የወጣበትን ሳይሆን የቺፑ መሠረት የሆነው ቺፕ የወጣበትን ዓመት ጻፉ።

ዓመቱ በሙቀትም ላይ ለውጥ ያመጣል። ስናፕድራገን 888 እና 8 ጄን 1 በሙቀታቸው ይታወቃሉ። ሁለቱም የተመረቱት ሳምሰንግ ፋብሪካ ነው። 8+ ጄን 1 ወደ ታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ፋብሪካ ሲዛወር ሙቀቱም የባትሪ ፍጆታውም በግልጽ ወረደ። በወረቀት ላይ በስድስት ወር የሚለያዩ ቺፖች ናቸው፤ እጃችሁ ላይ ግን ሰፊ ልዩነት አላቸው። በርካሽ ስልክ ውስጥ 888 ወይም 8 ጄን 1 ካገኛችሁ ደረጃ 5ን ሳትሠሩ አትግዙ።

ሱቅ ስትደርሱ ሲፒዩ-ዚን ክፈቱና የጻፋችሁት ስም መሆኑን አረጋግጡ። "አባውት ፎን" የሚለው ገጽ ላይ ያለውን ብቻ አትመኑ። ፎርጅድ ስልኮች እዚያ ገጽ ላይ የፈለጉትን እንዲጽፍ ተደርገው ይሠራሉ።

ደረጃ 3፦ ከየት እንደተቀነሰ ፈልጉ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። የዚህ መመሪያ ልቡ ይህ ደረጃ ነው።

ሁለት እውነተኛ ስልኮችን ወስደን እንያቸው። ሁለቱም ቆየት ብለዋል፣ ግን ለማስተማር ከእነሱ የሚሻል አላገኘሁም።

የመጀመሪያው ፖኮ ኤፍ1 ነው። በነሐሴ 2018 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሕንድ ውስጥ በ20,999 ሩፒ መሸጥ ጀመረ። የያዘው ስናፕድራገን 845ን ነው፤ በዚያ ዓመት የውድ ስልኮች ቺፕ ነበር። ከየት ተቀነሰ? ጀርባው ፕላስቲክ ነው። ስክሪኑ ኤልሲዲ ነው፤ ከአሞሌድ የሚረክሰው ዓይነት። ኤንኤፍሲ (ስልክ አስጠግቶ የመክፈያ ዘዴ) የለውም። ካሜራው እጅ ሲንቀጠቀጥ የሚያረጋጋው መሣሪያ የለውም። ሲወጣ አንዳንድ የፊልም አፖችን በሙሉ ጥራት አያሳይም ነበር፤ ኋላ ላይ በአፕዴት ተስተካከለ። ያልተቀነሰው ደግሞ ይህ ነው፦ 4,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ባትሪ፣ ቢያንስ 6 ጂቢ ራም፣ እና ሙቀት የሚያወጣ የማቀዝቀዣ ቱቦ።

ሁለተኛው በ2020 የወጣው አይፎን ኤስኢ ነው። በ399 ዶላር የአይፎን 11ን ኤ13 ቺፕ ይዞ መጣ። ከየት ተቀነሰ? ስክሪኑ 4.7 ኢንች ነው። ባትሪው 1,821 ሚሊአምፔር-ሰዓት ብቻ ነው። ካሜራው በጨለማ የማንሻ ዘዴ የለውም። ያልተቀነሰው? ውኃ ይቋቋማል፣ ለብዙ ዓመት አፕዴት ያገኛል።

አሁን አወዳድሩ። ፖኮው የቀነሰው ከመልክና ከምቾት ነው። አይፎኑ የቀነሰው ከስክሪንና ከባትሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ጌም ለሚጫወት ልጅ የመጀመሪያው ጥሩ ነበር፤ ሁለተኛው እኩለ ቀን ሳይደርስ ይጠፋበታል። ጥሪ፣ መልእክትና ባንክ ብቻ ለሚጠቀምና ስልኩን አምስት ዓመት ለሚይዝ ሰው ግን ተቃራኒው ነው። ሁለቱም "ርካሽ ስልክ በፍላግሺፕ ቺፕ" ናቸው። ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ መልስ የሌለው ለዚህ ነው።

በእናንተ ስልክ ላይ እነዚህን አንድ በአንድ ጻፉ፦ የስቶሬጅ ዓይነት፣ የራም መጠን፣ የስክሪን ዓይነት፣ ባትሪ፣ ቻርጀር ካርቶኑ ውስጥ መኖሩ፣ የሜሞሪ ካርድ ቦታ፣ የኢርፎን ቀዳዳ፣ የካሜራ ማረጋጊያ፣ የውኃ መከላከያ ደረጃ፣ የአፕዴት ዘመን። ከእያንዳንዱ ጎን "ተቀንሷል" ወይም "አልተቀነሰም" በሉ። ከዚያ ደረጃ 1 ላይ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ።

ደረጃ 4፦ ስቶሬጁን ለኩ

ሰው ሁሉ ፕሮሰሰር ሲያይ ይህን ይረሳል። አፕ ሲከፈት ፎቶና ፋይሉ የሚወጣው ከስቶሬጅ ነው። ስቶሬጁ ከዘገየ ፕሮሰሰሩ የፈለገ ያህል ቢፈጥን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ጋላሪ ሲከፈት ሃንግ የሚያደርግ ስልክ ካያችሁ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የመለኪያ አፑን ክፈቱና የተከታታይ ንባብ ፍጥነቱን እዩ። 300 ሜጋባይት በሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ኢኤምኤምሲ ነው፤ የርካሽ ስልኮች ስቶሬጅ። 500 እስከ 1,000 አካባቢ ከሆነ ዩኤፍኤስ 2.1 ወይም 2.2 ነው፤ ዩኤፍኤስ ፈጣኑ የስቶሬጅ ዓይነት ነው። 1,500 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ዩኤፍኤስ 3.1 ወይም የተሻለ ነው።

ይህ ሙከራ ሌላም ጥቅም አለው። ፍላግሺፕ ፕሮሰሰር ያለው ስልክ በኢኤምኤምሲ ስቶሬጅ አይሠራም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሻጩ "8 ጄን ምናምን" ብሏችሁ ንባቡ 200 ከመጣ፣ ስልኩ ራሱ ፎርጅድ መሆኑን ጠርጥሩ።

መጠኑንም አትርሱ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ፕሮሰሰሩን አይቼ 64 ጂቢውን ገዛሁ። የሜሞሪ ካርድ ቦታም አልነበረውም። በስምንት ወሩ ሞላ። ስቶሬጅ ሲሞላ ስልክ ይንቀራፈፋል፤ አዲስ ፋይል የሚጽፍበት ባዶ ቦታ ስለሚያጣ ነው። ከጠቅላላው አንድ አምስተኛው ያህል ባዶ ሆኖ መቆየት አለበት። ዛሬ ከ128 ጂቢ በታች አትግዙ። ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ 256 ይሁን።

ደረጃ 5፦ አሙቁትና ተመልከቱት

ስልክ ብዙ ጊዜ ማራገቢያ የለውም። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ውዱ ስልክ ውስጥ ሙቀቱን የሚያሰራጭ ሰፊ የማቀዝቀዣ ሳህን ይኖራል። ርካሹ ውስጥ ይህ አንሶ ወይም ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ለፍላግሺፕ ፍጥነት ከፍላችሁ የምታገኙት ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው።

እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. ካቨሩን አውጡ። ቻርጀሩን ንቀሉ። የስክሪን ብርሃኑን ግማሽ ላይ አድርጉ። "ባትሪ ሴቨር" ጠፍቶ መሆኑን እዩ፤ በርቶ ከሆነ ፍጥነቱን አስቀድሞ ስለሚገድበው ውጤቱ ትርጉም አይኖረውም።

ለ. ሲፒዩ ትሮትሊንግ ቴስትን ክፈቱና ጀምሩት። ለ15 ደቂቃ ይሠራል። በግራፉ ላይ አረንጓዴው ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ ቀይ ከሄደ ፍጥነቱ እየወረደ ነው።

ሐ. በመጨረሻ የሚሰጣችሁን መቶኛ ጻፉ። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ከ80 በላይ ከቀረ ጥሩ ነው። ከ65 በታች ከወረደ የምትከፍሉት ለቺፑ ስም ነው።

መ. በእጃችሁ ያዙት። ካሜራው አጠገብ ወይም በጎኑ ብረት ላይ ለመያዝ የሚያስቸግር ከሆነ፣ ጌም ስትጫወቱ የሚያርፈው ጣታችሁ እዚያው ላይ ነው።

ይህ አፕ የሚያሞቀው ዋናውን ፕሮሰሰር ነው፤ የግራፊክስ ክፍሉን በደንብ አይነካም። ጌም ዋና ጉዳያችሁ ከሆነ እናንተ የምትጫወቱትን ጌም ጭናችሁ 20 ደቂቃ ተጫወቱ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች አያታልሏችሁ። መጨረሻው ላይ መቆራረጥ ከጀመረ ያ ነው የስልኩ እውነተኛ ፍጥነት።

ራይድ የምትሠሩ ሹፌሮች ይህን ደረጃ በተለይ ልብ በሉት። ስልኩ መስታወት ላይ ተለጥፎ፣ ፀሐይ እየመታው፣ ካርታ ተከፍቶ፣ ከመኪናው እየተሞላ ይውላል። ሙቀት ከአራት አቅጣጫ ነው የሚመጣበት። ያኔ ስክሪኑ በራሱ ይደበዝዛል፣ ቻርጁም ይቆማል። ለእናንተ ቀዝቃዛ መካከለኛ ቺፕ ከትኩስ ፍላግሺፕ ይሻላል። ስልኩንም የአየር ማስወጫው አጠገብ በሚገጠም መያዣ አድርጉት።

ደረጃ 6፦ ባትሪና ቻርጀር

በደረጃ 5 ሙከራ ላይ ሲጀምር ስንት በመቶ እንደነበረና ሲጨርስ ስንት እንደሆነ ጻፉ። ጉልበተኛ ቺፕ ሲሠራ ብዙ ይበላል። በ15 ደቂቃ ውስጥ ከ8 እስከ 10 በመቶ በላይ ከወረደ ባትሪው ትንሽ ነው፤ ያገለገለ ስልክ ከሆነ ደግሞ ደክሟል።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለምትኖሩ፣ ፈጣን ቻርጅ ከብዙ ነገር ይበልጣል። መብራት ለአርባ ደቂቃ ሲመጣ ስልኩን ሙሉ ወይም ወደ ሙሉ የሚጠጋ የሚያደርግ ቻርጀር ቀኑን ያድናል። ግን ፍጥነቱ የሚገኘው በራሱ ቻርጀርና በራሱ ኬብል ነው። ካርቶኑ ውስጥ ቻርጀር ከሌለ የኦሪጅናሉን ዋጋ ጠይቃችሁ ከስልኩ ዋጋ ጋር ደምሩት። ፎርጅድ ቻርጀር ኃይል ሲዋዥቅ ስልኩን አይጠብቅም።

ደረጃ 7፦ ኔትወርክና ሶፍትዌር

ሁለቱንም ሲሞች አስገቡ። ደውሉ። ዳታ ክፈቱና 4ጂ መያዙን እዩ። ሱቁ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ወጣ ብላችሁም ሞክሩ። ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስልኮች ሌላ አገር የሚሠራባቸው አንዳንድ የኔትወርክ ባንዶች ይጎድሏቸዋል። ፕሮሰሰሩ የቱንም ያህል ቢፈጥን ኔትወርክ ካልያዘ ገጹ አይከፈትም።

የቻይና ስሪት መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ? ካርቶኑ ላይ የቻይንኛ ጽሑፍ ብቻ ካለ፣ ወይም ፕሌይ ስቶር በኋላ በሻጩ የተጫነ ከሆነ ነው። በእነዚህ ላይ የቴሌግራምና የዋትስአፕ መልእክት ዘግይቶ ሊደርሳችሁ ይችላል። ሶፍትዌሩ ባትሪ ለመቆጠብ አፖቹን ከጀርባ ይዘጋቸዋልና።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ሻጩ ራሱ ሶፍትዌሩን ቀይሮ (ፍላሽ አድርጎ) "ግሎባል" ያለው ነው። ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩት። ሲነሣ የተከፈተ የቁልፍ ምልክት ወይም "አንሎክድ" የሚል ማስጠንቀቂያ ካሳየ የስልኩ ጥበቃ ተከፍቷል። የባንክ አፖች እንዲህ ያለ ስልክ ላይ አልሠራም ሊሉ ይችላሉ። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቴሌብርንና የባንካችሁን አፕ ጭናችሁ መከፈታቸውን እዩ። የይለፍ ቃላችሁን ግን ስልኩ የእናንተ ሳይሆን አታስገቡ።

*#06# ደውሉ። የሚወጣው የአይኤምኢአይ ቁጥር (የስልኩ ልዩ መለያ) ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ ካርቶኑ የሌላ ስልክ ነው።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ "አንሎክድ" የሆነውን እንዲገዛ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ እዚህ ላይ ቃሉ ለማንኛውም ሲም ክፍት ማለት ነው፣ ከላይ ካየነው ማስጠንቀቂያ ጋር አይገናኝም። እዚያ በቴሌኮም ኩባንያ በኩል በቅናሽ የሚሸጡ ብዙ ስልኮች ለሌላ ሲም የተዘጉ ናቸው። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ አባውት ገብቶ "ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ" ማለቱን አይቶ ፎቶ ይላክላችሁ።

ደረጃ 8፦ አፕዴትና መለዋወጫ

ሴቲንግ ውስጥ የሴኩሪቲ ፓች (የመጨረሻው የጥበቃ አፕዴት) ቀኑን ተመልከቱ። ከአንድ ዓመት በላይ ካለፈውና አዲስ አፕዴት ስትፈልጉ ካልተገኘ አምራቹ ስልኩን ትቶታል ማለት ይቻላል። ፕሮሰሰሩ አራት ዓመት ሊሠራ ይችላል፤ ሶፍትዌሩ ግን በሁለተኛው ዓመት ሊቆም ይችላል። ፖኮ ኤፍ1 በአንድሮይድ 8.1 ወጥቶ በይፋ የደረሰው እስከ አንድሮይድ 10 ነው፤ ቺፑ ግን ከዚያም በኋላ ብዙ ጉልበት ነበረው።

ሌላው ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ የስክሪን ዋጋ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ሁለት ጥገና ቤቶች ሂዱና "የዚህ ሞዴል ስክሪን አላችሁ? ስንት ነው?" በሉ። በብዛት ያልገባ ሞዴል ከሆነ ስክሪኑ ላይገኝ ይችላል። አሞሌድ ከሆነ ደግሞ የስልኩን ዋጋ ግማሽ ሊጠጋ ይችላል። አንዴ ከእጅ ቢወድቅ ቁጠባችሁ ሁሉ እዚያው ያልቃል።

ደረጃ 9፦ በተመሳሳይ ገንዘብ ከሚገኙት ጋር አወዳድሩና ወስኑ

በያዛችሁት ገንዘብ ሦስት ዓይነት ስልክ ይገኛል። አንዱ ስትፈትሹት የቆያችሁት ነው። ሁለተኛው መካከለኛ ቺፕ ይዞ በሌላው ሁሉ የተመጣጠነ ስልክ ነው። ሦስተኛው ከሁለት ዓመት በፊት ውድ የነበረ ያገለገለ ፍላግሺፕ ነው።

ለሁለተኛው ዓይነት ጥሩ ምሳሌ የ2023ቱ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ54 ነው። ኤክሲኖስ 1380 ቺፑ ከፖኮ ኤፍ5ቱ ቺፕ በግልጽ ያንሳል። ግን የውኃ መከላከያው አይፒ67 ነው። የሜሞሪ ካርድ ቦታ አለው። አራት የአንድሮይድ አፕግሬድና የአምስት ዓመት የሴኩሪቲ አፕዴት ቃል ተገብቶለታል። ኤፍ5 ደግሞ ከባድ ጌም ያለ ጭንቀት ያጫውታል፣ በ67 ዋት ይሞላል፣ ግን የሜሞሪ ካርድ አይቀበልም፤ መከላከያውም አይፒ53፣ ማለትም ለፍንጣቂ ውኃ ብቻ ነው። ዝናብ ላይ ለሚሠራ ሰው ኤ54ን፣ ለተጫዋች ኤፍ5ን እመርጥለታለሁ።

አሁን ወረቀታችሁን አውጡ፦

- ከአምስቱ አፖች ቢያንስ አንዱ ከባድ ከሆነ፣ ስቶሬጁ ዩኤፍኤስ ከሆነ፣ የሙቀት ሙከራው ከ80 በላይ ከቀረና የተቀነሰው የማያስፈልጋችሁ ነገር ከሆነ፦ ግዙት።
- አፖቻችሁ ቀላል ከሆኑ፦ የተመጣጠነውን መካከለኛ ግዙ። የማትጠቀሙበትን ጉልበት አትክፈሉ።
- ካሜራ ከሁሉ የሚበልጥባችሁ ከሆነ፦ ያገለገለ ፍላግሺፕ ፈልጉ። በርካሽ ስልኮች ላይ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀነሰው ካሜራ ነው። ግን የባትሪ መቀየሪያ ዋጋ ደምሩበት።
- ከደረጃ 7 አንዱ እንኳ ካልተሳካ፦ ዋጋው የቱንም ያህል ቢወርድ ተዉት።

ብዙ ሰው የሚሠራቸው ስህተቶች

*የአንቱቱ ነጥብ አይቶ መግዛት።* አንቱቱ የስልክ ፍጥነትን በነጥብ የሚለካ አፕ ነው፤ ነጥቡ የሚለካው ግን ለጥቂት ደቂቃ ነው። ስልኩ ከጋለ በኋላ ምን እንደሚሆን አይነግራችሁም።

*"8+8 ጂቢ ራም" የሚለውን 16 ብሎ መቁጠር።* ሁለተኛው 8 ከስቶሬጅ የተበደረ ነው። ስቶሬጅ ከእውነተኛ ራም በጣም ይዘገያል። የሚቆጠረው የመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ነው።

*በሜጋፒክስል መታለል።* 108 ሜጋፒክስል ያለ ማረጋጊያ በምሽት ብዥ ያለ ፎቶ ያነሣል። ሱቁ ውስጥ ጥግ ላይ ያለ ጨለማ ቦታ ፈልጋችሁ አንሡ፤ ወዲያው ይታወቃል።

*ዲአርኤም ኢንፎን አለማየት።* ኔትፍሊክስ የምታዩ ከሆነ "ኤል1" ማለት አለበት። "ኤል3" ካለ ፊልሙ በዝቅተኛ ጥራት ነው የሚታያችሁ፣ ስክሪኑ የቱንም ያህል ቢያምር።

*የሞዴሉን ቁጥር ከፍ ማለት እንደ መሻሻል መቁጠር።* አዲሱ ሞዴል ከቀድሞው የደከመ ቺፕ ይዞ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ደረጃ 2ን ለሁለቱም ሥሩ።

*ቻርጅ ላይ ሰክቶ፣ ከነካቨሩ ጌም መጫወት።* ባትሪን በቶሎ የሚያደክመው ሙቀት ነው። ፍላግሺፕ ቺፕ ያለው ስልክ ላይ ይህ ይብሳል፤ የሚያመነጨው ሙቀት ስለሚበዛ።

ከገዛችሁ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ቀናት

ደረሰኙ ላይ የአይኤምኢአይ ቁጥሩ እንዲጻፍ አድርጉ፤ ያለዚያ ሻጩ "ይህ ከእኔ የተገዛ አይደለም" ቢላችሁ መልስ የላችሁም። በስንት ቀን ውስጥ መመለስ እንደሚቻልም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ከዚያ በነዚያ ቀናት ውስጥ ስልኩን አትሳሱለት። የምትጫወቱትን ተጫወቱ፣ ቪዲዮ ኤክስፖርት አድርጉ፣ ከቤት እስከ ሥራ ባለው መንገድ ሁሉ ዳታ ክፈቱ። በራሱ ጠፍቶ የሚነሣ ከሆነ፣ ወይም ሲም አንዳንዴ የሚሰወር ከሆነ፣ "አፕዴት ሲመጣ ይስተካከላል" የሚለውን ሳትሰሙ የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ ይዛችሁት ሂዱ።